ሉክሶርን በአንድ ቀን? የውይይት ክሩ 34 መልስ ደርሷል

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለፈው ኅዳር ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ለአንድ ሳምንት ግብፅ፣ የቀይ ባሕር ዳር ከተማዋ ሁርጋዳ ሄድን። ሐሳባችን ባሕርና ፀሐይ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን አላስችል አለኝ። ሰው ግብፅ ድረስ መጥቶ ገንዳ ዳር ተጋድሞ ይመለሳል እንዴ? ሆቴሉ በር ላይ ወደ ሉክሶር፣ ወደ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶችና መቃብሮች ከተማ፣ የአንድ ቀን ጉብኝት የሚሸጥ ሰው ነበር። አውቶቡስ፣ አስጎብኚ፣ መግቢያ፣ ምሳ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ርካሽ ነው። ከፈልን።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ቁርሳችንን በካርቶን ሰጡን፦ ደረቅ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ብርቱካን። አራት ሰዓት ያህል በበረሃ ተጓዝን። ከዚያ ድንገት አረንጓዴ ሆነ። የሸንኮራ አገዳ፣ አህያ፣ ቦይ። አባይ ነው።

በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። የካርናክ ቤተ መቅደስ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ምሳ 1 ሰዓት። የአልባስጥሮስ ሱቅ 55 ደቂቃ። የነገሥታት ሸለቆ፣ የፈርዖኖቹ መቃብር፣ 1 ሰዓት ከሩብ። የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ 25 ደቂቃ። የሜምኖን ሐውልቶች 10 ደቂቃ። የፓፒረስ (የደንገል ወረቀት) ሱቅ 40 ደቂቃ። ከንግሥቲቱ ጋር ከቆየሁት ከድንጋይ ማሰሮ ሻጩ ጋር የቆየሁት ከእጥፍ ይበልጣል።

ስመለስ እዚህ መድረክ ላይ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩ። አንደኛ፣ ሉክሶር በአንድ ቀን ይታያል ወይስ እኔ ተሸውጄ ነው? ሁለተኛ፣ አስጎብኚያችን ሜምኖን የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር አለን። አውቶቡሱ ሙሉ ጀርመን ዞሮ አየኝ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግኩ። እውነት ነው?

መልሱ ጎረፈ። አሁን ሰው ከላይ ሳያነብ የተባለውን መልሶ ስለሚል፣ አወያዩ የመጣውን መልስ በየቁጥሩ እዚህ እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ። እነሆ።

1። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ከዱባይ ለእረፍት ሄዶ ይህንኑ ጉዞ እንዳደረገና ምንም እንዳልከፋው ጻፈ። በተለይ ልጅ ይዞ ለሚሄድ አንድ ቀን ይበቃል ባይ ነው። ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ከሦስተኛው ቤተ መቅደስ በኋላ ሁሉም ይመሳሰላል ሲልም ጨመረ። ይህቺን ያዙልኝ። ኋላ ላይ ዋጋ ታስከፍለዋለች።

2። ካይሮ ብዙ ዓመት የኖረች እህት ሂሳቡን ቁጭ አደረገችልኝ። ሱቁ ለአስጎብኚውና ለሹፌሩ ከሽያጩ ድርሻ ይሰጣል። ጉዞውን ርካሽ ያደረገው እሱ ነው። ልዩነቱን የከፈልኩት በ95 ደቂቃዬ መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። ምክሯም ይህ ነው፦ ሉክሶር ማደር፣ ያውም በአባይ ምዕራብ ዳር። ከከተማው ጎን የሕዝብ ጀልባ አለ፣ በጥቂት ደቂቃ ያሻግራል። ወዲያ ማዶ ታክሲ ለቀኑ መኮናተር ነው። የነገሥታት ሸለቆ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። የሁርጋዳ አውቶቡሶች እስኪመጡ ሦስት ሰዓት ገደማ ጸጥታ ታገኛለህ አለችኝ። ስለ ፓፒረሱም አልተወችኝም። ሐሰተኛው ከሙዝ ቅጠል ይሠራል። እውነተኛው ቢጠቀለል አይሰነጠቅም። ባልደረባዬ የገዛችውን ቢሮ ውስጥ ጠቅልዬ አየሁት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

3። አንዱ የገባው ምሳው የጾም ነበር ወይ ብሎ ለመጠየቅ ብቻ ነው። አልነበረም፣ ዶሮ ነው። ያቺው የካይሮዋ እህት ወዲያው ተመልሳ፣ ግብፅ ውስጥ ጾመኛ እንደማይራብ፣ ፉልና ታዕሚያ በየመንገዱ እንዳለ፣ ኮፕቶችም የጾም ምግብን ሲያሚ እንደሚሉት ነገረችው። ቃሉን ለአስተናጋጅ መንገር ይበቃል።

4። ክሩን ክር ያደረገው አራተኛው ነው። የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ ይላል። የጻፈው አንድ መስመር ነው። ሐትሼፕሱት ጋ 25 ደቂቃ ከቆየህ የፑንትን ግድግዳ አይተሃል ወይ? ብሎ ጠየቀኝ።

5። አምስተኛው እኔው ነኝ። ምን ግድግዳ?

አላየሁም ነበር። አስጎብኚያችን ከታች ሆኖ ሦስቱን እርከን በእጁ አሳየንና ፎቶ አንሱ ብሎ ለቀቀን። እኛም ሽቅብ ወጣን። ጥያቄውን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን ፈተሽኩ። ሁለተኛው እርከን ላይ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ እየሳቅኩ የተነሳሁት ሰልፊ አለ። ከግራ ትከሻዬ ኋላ ተራ ዓምዶች አሉ። ከዓምዶቹ ጀርባ ጥላ። ጥላው ውስጥ ግድግዳው። አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

6። አስተማሪው ሳያፌዝብኝ አስረዳኝ። ላመሰግነው ይገባል። ሐትሼፕሱት የነገሠችው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1458 ገደማ ነው። በ9ኛው ዓመቷ መርከቦች ወደ ፑንት ላከች፤ ፑንት ግብፆች ዕጣን ያመጡባት የነበረች፣ ዛሬ ቦታዋ በትክክል የማይታወቅ አገር ናት። ያ ጉዞ ነው ግድግዳው ላይ የተቀረጸው። ወደ ቤተ መቅደሱ ስትወጡ ከመወጣጫው በስተ ግራ ነው። ቤቶቹ እንደ ቆጥ በእንጨት ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው። በመሰላል ነው የሚወጣው። የፑንት አለቃ ፓራሁ ይባላል። ሚስቱ አቲ በጣም ወፍራም ሆና ነው የተቀረጸችው፤ እሷ ያለችበት ድንጋይ ካይሮ ሙዚየም ተወስዶ በቦታው ቅጂ ተደርጓል። ከሁሉ የሚገርመው የዕጣን ዛፎቹ ናቸው። ከነሥራቸው ተነቅለው፣ ሥራቸው በቅርጫት ተደርጎ፣ ቅርጫቱን ሰዎች በሸክም ወደ መርከቡ ያወጡታል። ሊተክሉት ነው! ከመርከቦቹ ሥር ውኃ አለ፣ ውኃው ውስጥ ዓሣ። ዓሣዎቹ የቀይ ባሕር መሆናቸው በዓይነት በዓይነቱ ይለያል። ቀራጩ ወይ ሄዶ አይቷል፣ ወይ ያየ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነግሮታል።

ይህንን ሳነብ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። መውረጃዬን አለፍኩ።

7። ሰባተኛው በደስታ ተነሳ። ዕጣን ካለ ፑንት ኢትዮጵያ ናት፣ ሐትሼፕሱትም ራሷ ንግሥተ ሳባ ናት፣ አለቀ።

8። ስምንተኛዋ በጨዋነት አቆመችው። ሰሎሞን የሚባለው ዘመን ከሐትሼፕሱት በኋላ 500 ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱን ሴቶች አንድ ለማድረግ ከሁለት አንዷ በጣም መቆየት አለባት።

9። ዘጠነኛው አገር ቤት በእንስሳት ጥናት ላይ የሚሠራ ይመስላል። ግብፆች ከፑንት ዝንጀሮ ያመጡ ነበር፣ ሲሞትም እንደ ሰው ያደርቁት ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የደረቁትን ዝንጀሮዎች ጥርስና ፀጉር መርምሮ የትውልድ ቦታቸው በአፍሪካ ቀንድና በየመን አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። በ2023 ደግሞ በዘረመል (ዲኤንኤ) ተመርምሮ ወደ አዱሊስ አካባቢ ጠጋ አለ። ስለዚህ ኤርትራም፣ ኢትዮጵያም፣ ሶማሊያም፣ ጅቡቲም እጃቸው ሊኖርበት ይችላል፣ ማንም ብቻውን አይዘዝባት ባይ ነው። ዝንጀሮው ያው አዋሽ ፓርክ ስታልፉ አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ የሚያያችሁ፣ ብርማ ጋሜ ያለው ነው። የቱታንካሙን መቃብር ግድግዳ ላይም 12 ዝንጀሮ አለ። እሱን እኔም አይቻለሁ። ማስጌጫ መስሎኝ ነበር።

10። አሥረኛው የዝንጀሮ ቀልድ አመጣ። ይለፈን።

11። ከዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ ተገባ። አሥራ አንደኛዋ የጻፈችው ረጅምና ግሩም ነው። ሁለቱ ሐውልቶች የፈርዖን አመንሆቴፕ 3ኛ ናቸው። ቁመታቸው 18 ሜትር ገደማ ነው። ከኋላቸው ትልቅ ቤተ መቅደስ ነበር፣ አሁን የቀረው ጥቂት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 የመሬት መንቀጥቀጥ አንደኛውን ሰነጠቀው። ከዚያ በኋላ ንጋት ላይ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ግሪኮች ሰምተው፣ ይህ የንጋት አምላክ ልጅ፣ የኢትዮጵያው ንጉሥ ሜምኖን ነው፣ እናቱን እየጠራ ነው አሉ። በተረታቸው ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ በአኪሌስ እጅ የሞተ ነው። የሮማው ንጉሥ ሃድሪያን በ130 እ.ኤ.አ. መጥቶ ሰምቶታል። ኋላ ሐውልቱ ተጠገነ፣ ድምፁም ጠፋ። የሚጠገን ነገር ሁሉ ደግ አይደለም አለች፣ እኔም ተስማማሁ። ጎብኚ ከጥንትም ጎብኚ ነው፦ የራምሴስ 6ኛን መቃብር ሮማውያን የሜምኖን ብለውት ግድግዳውን በስም ቧጭረው ሞልተውታል።

እንግዲህ አስጎብኚያችን አልዋሸም። ግማሹን ነው የነገረን።

12። አሥራ ሁለተኛው ግን ምላሱ ስለታም ነው። አንገቴን ማቅናቴ እንዳሳቀው ጻፈ። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጠይም ሕዝብ ሁሉ ነው፣ በተለይ ኩሽን፣ የዛሬዋን ሱዳን። ተረት ላይ በተገኘ ስም ጀርመን ፊት መኩራት ልጅነት ነው አለ።

13። አሥራ ሦስተኛው ደሙ ፈላ። መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣ። 2ኛ ነገሥት 19 ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ተብሎ ተጽፏል። ይኸው ንጉሥ ካርናክ ላይ ዓምድ አቁሟል። ተረት ነው የምትለው ይህንንም ነው ወይ? ሲል አፋጠጠው።

14 እስከ 18። እዚህ ጋ ነገሩ ተበላሸ። ሁለቱ ብቻቸውን አምስት መልስ ተመላለሱ። አንዱ የዕብራይስጡ ቃል ኩሽ እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ የተባለው በትርጉም እንደሆነ አነሳ። ሌላው ታዲያ ኢዛና በግሪክኛ ጽሑፉ ያንን ስም ለምን ወሰደ ብሎ መለሰ። ጥሩ መልስ ነው። እውነትም በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ግዕዙ ሐበሻ የሚለውን ግሪክኛው ኢትዮጵያ ብሎታል። ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። የማን አያት የት እንደተወለደ፣ ማን የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንዳልገባ መነጋገር ጀመሩ። ከ16 በኋላ ያለውን ባታነቡት ምንም አይቀርባችሁም።

19። አወያዩ ገባ። ሁለቱንም ውኃ ጠጡ አላቸው።

20። ያበረደው ግን አወያዩ ሳይሆን ሃያኛዋ ናት። ኢትዮጵያውያን ወላጆች ካርቱም የወለዷት ሴት ነች። ታሃርቃን፣ ያንኑ የመጽሐፍ ቅዱሱን ቲርሐቅ፣ በልጅነቷ የምታውቀው ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥዕል ነው። ከ690 እስከ 664 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅንና ኩሽን አንድ ላይ ገዛ። ዋና ከተማው ናፓታ፣ ጀበል ባርካል ሥር ነው። ፒራሚዱ ሱዳን ውስጥ፣ ኑሪ ላይ ነው፣ እዚያ ካሉት ሁሉ ትልቁ። አንድ ጊዜ አባቷ ይዟት ሄዶ ነበር። ሻይ በቴርሞስ ይዘው፣ ሌላ ጎብኚ ሳይኖር፣ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ጠጡ። አሁን በጦርነቱ ምክንያት ማንም እንደልቡ እንደማይደርስበት ጻፈች። ለማን እንደሚገባ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ካርናክ ስትገቡ የመጀመሪያው ግቢ መሃል ያለውን ዓምድ ቀና ብላችሁ እዩት አለች። ታሃርቃ ካቆማቸው 10 ዓምዶች ሙሉውን የቆመው እሱ ብቻ ነው።

አስራ ሦስተኛው ይቅርታ ጠየቃት። አሥራ ሁለተኛው ዝም አለ። ከሱ ዝምታም ትልቅ ነገር ነው።

21። ሃያ አንደኛው ውሃ ልማት ውስጥ የሠራ መሐንዲስ ነው። የካርናክ ጥንታዊ ወደብ ድንጋይ ላይ በየዓመቱ የአባይ ሙላት የት እንደደረሰ በመስመር ተመልክቷል። የታሃርቃ ስምም ከሙላቱ ጋር እዚያ አለ። ይህ ውኃ በአብዛኛው የኛ ደጋ የክረምት ዝናብ ነው። ጎንደርና ጎጃም ሐምሌና ነሐሴ የዘነበው ነው ካርናክ ደጃፍ የደረሰው። አስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ሙላቱ ሉክሶር አይደርስም። ድንጋዩ ላይ ያለው መስመር ብቻ ቀረ።

22 እና 23። እንደምትጠብቁት ስለ ሕዳሴው ግድብ ሆነ። አወያዩ ሁለቱንም አጠፋ። 22ኛውን አንብቤው ነበር፣ ግማሹ ስድብ ነው። ግማሹ ስለ ተርባይን ነው፤ እሱ እንኳ ቢቀር ጥሩ ነበር።

24። ይህን መልስ ያነበበ ሁሉ ወድዶታል። የጻፈው ሚኒሶታ የሚኖር፣ የደቡብ ጎንደር ገበሬ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ሄዶ ሦስት ሌሊት አድሯል። የነገሥታት ሸለቆ ደክሞት፣ በታክሲ ሹፌሩ ምክር ዴር ኤል መዲና ሄደ። የነገሥታቱን መቃብር የቆፈሩትና የቀቡት ሠራተኞች መንደር ነው። እነሱም ለራሳቸው መቃብር ሠርተዋል። ሰነጀም የሚባለው ሰውዬ መቃብር ጠባብ ነው። በጠባብ ደረጃ ጎንበስ ብለህ ትወርዳለህ። ክፍሏ ከአንድ መኝታ ቤት አትበልጥም። ቀለሙ ግን ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው።

እዚያ ግድግዳ ላይ ሰነጀም በወዲያኛው ዓለም ያርሳል። ሁለት ዝንጉርጉር በሬዎች። ቀንበር። በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ። ከኋላው ሚስቱ ቅርጫት ይዛ ትዘራለች። ሁለቱም የክት ነጭ ልብስ ለብሰዋል። የገበሬው ልጅ መጀመሪያ ያየው ልብሱን አይደለም። ማረሻውን ነው። እርፉ፣ ሞፈሩ፣ አያያዙ የአባቱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከፋው፣ በሬዎቹ ጅራፍ ሳያስፈልጋቸው ጅራፍ ማንሳቱ። አባቱ በሬ በስሙ ይጠራ ነበር እንጂ አይመታም። የመቃብሩ ጠባቂ በባትሪ ወደ ጣሪያው እያመለከተ ሊያሳየው ሲሞክር እሱ ከማረሻው አልነቃነቅ አለ። ስልኩን አውጥቶ የአባቱን የእርሻ ፎቶ ለጠባቂው አሳየው። ጠባቂው አይቶ ሳቀና አጎቴ አለው በዐረብኛ። አጎቱም እንዲሁ ያርስ ነበር ለማለት ይሁን፣ ፎቶው አጎቱን ይመስል ይሁን፣ አልገባውም።

አንደኛውን መላሽ ጠቅሶ፣ ድንጋይ ድንጋይ ከሆነ ለምን እንዳለቀስኩ ንገረኝ ሲል ጠየቀው። ያልኩት ዋጋ ይህ ነው። አንደኛው ልብ ምልክት አድርጎ አለፈ።

25። የሠራተኛ ማኅበር ሰው መሆኑ የሚያስታውቅ አንድ ሰው፣ የዚያው መንደር ሠራተኞች በራምሴስ 3ኛ 29ኛ ዓመት የእህል ደመወዛቸው ዘግይቶ ሥራ እንዳቆሙ አስታወሰ። በጽሑፍ ተመዝግበው ከደረሱን የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ነው። መሣሪያቸውን ጥለው ሄደው ቤተ መቅደሶቹ ጀርባ ቁጭ አሉ። ተርቦ መቃብር የሚቀባ የለም፣ የንጉሥም ቢሆን።

26። ከሃያ አራት በኋላ ጠባቂን ማማት ከባድ ነው፣ ግን ሃያ ስድስተኛዋ ሞከረች። መቃብሩ ውስጥ አንዱ ካርቶን ቆርጦ ማራገቢያ ብሎ ሰጣት። ወስዳ አራገበች። ልትወጣ ስትል እጁን ዘረጋ። ሌላው ገመድ ከፍቶ ከልካዩን አሳልፎ ሥዕል አሳያትና እሱም እጁን ዘረጋ። ሁሉም ነገር ላይ ባክሺሽ፣ ጉርሻ። መቃብር ነው ወይስ መርካቶ? አለች። እኔም ካርቶኑን አግኝቻለሁ። በሙቀቱ ውስጥ ጥሩ ካርቶን ነበር፣ ይህን አልክድም።

27። ሃያ ሰባተኛው ተቆጣ። ለአልባስጥሮስ 60 ዩሮ ያለ ክርክር ከፍሎ በሙቀት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለቆመ ሰው ጥቂት የግብፅ ጊኒ መንፈግ ምን ይባላል? አስጎብኚ መቃብር ውስጥ ገብቶ ማስረዳት ስለማይፈቀድለት፣ ውስጥ ያለው የሚያሳይህ ጠባቂው ብቻ ነው። ገመድ ግን አታስከፍት፣ ሥዕሉ በላብህና በትንፋሽህ ይጎዳል። ሁለተኛው ግሣጼ ይገባል። ስለ 60 ዩሮው ያወቀው ከኔ አይደለም፣ የገመተ ይመስለኛል። ልክ ነው የገመተው።

28። አንድ መምህር ጳጉሜን አነሳ። ግብፆች ዓመቱን 12 ወር በ30 ቀን ከፍለው 5 ቀን ይጨምሩ ነበር። አምስቱ ቀናት የአምስት አማልክት ልደት ናቸው ይሉ ነበር። ኮፕቶች ያንን ቆጠራ ወረሱ፣ እኛም። መስከረም 1 የኛም የእነሱም አዲስ ዓመት ነው። መዲነት ሀቡ ቤተ መቅደስ ውጪ ግድግዳ ላይ የበዓላት ዝርዝር በቀን በቀን ተቀርጿል። ጳጉሜ የሚለው ቃል ግሪክኛ ነው አለና ወጣ። ማንም አልተከራከረውም፤ በዚህ ክር ብርቅ ነው።

29 እስከ 31። ትናንሽ ነገሮች። ቲኬት በካርድ እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይሸጥም። የነገሥታት ሸለቆ ተራ ቲኬት ሦስት መቃብር ያስገባል፤ ቱታንካሙን፣ ራምሴስ 6ኛና ሴቲ 1ኛ ለየብቻ ይከፈልባቸዋል። ቱታንካሙን ላይ ተከራከሩ። ትንሽ ነው፣ ወርቁም ጊዛ አጠገብ ወደ ተከፈተው አዲሱ ሙዚየም ሄዷል፣ አትክፈሉ አለ አንዱ። ሌላዋ ልጅ ሆኖ የነገሠው ቱታንካሙን ራሱ አሁንም እዚያው መስታወት ውስጥ ተኝቷል አለች። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። እግሩ ጥቁር ነው፣ በጣም ትንሽ። ከበፍታው ጫፍ ብቅ ብሏል። ከኔ ጋር የገቡት ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት።

32። አንዱ ተናደደብኝ። ርካሽ ገዝቶ ማማረር የሐበሻ ልማድ ነው፣ ሁለተኛዋ የተናገረችውን ሳይሄድ በፊት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ክር አይኖርም ነበር አለ። እውነቱን ነው። ግን ክሩ ባይኖር ማረሻው የት ይገኝ ነበር?

33። ዲያቆን ነኝ ያለ ወጣት፣ ዴር ማለት በዐረብኛ ገዳም መሆኑን አስታወሰ። የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ያለበት ዴር ኤል ባሕሪ የሰሜኑ ገዳም ማለት ነው። ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ላይ የኮፕት ገዳም ነበር። ካርናክ ውስጥ ቱትሞስ 3ኛ የሠራው የበዓል አዳራሽም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፣ ዓምዶቹ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ደብዝዞ ይታያል። ሰው አማልክቱን ለማየት ስለሚጣደፍ ያልፈዋል። እኔም አልፌዋለሁ፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበረችኝ።

34። የመጨረሻዋ ከቶሮንቶ ናት። በጥር እናቷን ከአዲስ አበባ አስመጥታ ሉክሶር ልትወስዳቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ የማይበዛበት መቃብር የትኛው ነው? አለች። የሴቲ 1ኛ ከመቶ ሜትር በላይ ርዝመት ይዞ ወደ ታች ስለሚወርድ እንዳታስበው ነገርኳት። የራምሴስ 4ኛ ይሻላቸዋል። ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚያዘነብል ነው። ደግሞም የኮፕት መነኮሳት ኖረውበታል። ግድግዳው ላይ ብዙ የእጅ ጽሑፋቸው አለ። መግቢያው አካባቢ እጁን ለጸሎት የዘረጋ ቅዱስ ሥለዋል። ፈርዖን ከነአማልክቱ በተቀረጸበት ግድግዳ ላይ።

እማማ ያንን ሲያዩ ምን እንዳሉ እንድትጽፍልን ጠይቄያታለሁ። እስካሁን አልጻፈችም።